ስለ ባለመስፈንጠሪያዎች፣ ስለ ፏፏቴ ዳር ሳረንስትና ስለ ዝርያ አሰያየም ታሪክ

ክረምት በገባ ጊዜ ከእንጦጦና ከየካ ተዳፋት የሚነሡት ቀበናና ግንፍሌ ሞልተው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ ውሃቸውም በቦሌ በኩል ቡልቡላ እየተባለ ወደ ትልቁ አቃቂ ይጓዛል። በላይኛው በኩል፣ ቤት ገና ባልበዛበት ሥፍራ፣ ውሃው ከጥቁር ድንጋይ ላይ እየተወረወረ ትንንሽ ፏፏቴዎች ያበጃል። በግራና በቀኝ ያለው ድንጋይ ዘወትር በርጭት ስለሚርስ፣ በአማርኛ ሳረንስት የምንለው አረንጓዴ ምንጣፍ ይለብሰዋል። ከዚያ ሳረንስት አንድ እፍኝ ያህል አንሥቶ በነጭ ሳህን ላይ ያራገፈ ሰው፣ ጥቂት ቢታገሥ፣ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ ነገሮች ሲንቀሳቀሱ ያያል፤ በጣቱ ሊነካቸው ሲሞክር እንደ ቁንጫ ዘለው ይሰወራሉ። ቁንጫ ግን አይደሉም።

እነዚህ እንስሳት በሳይንስ ቋንቋ ኮሌምቦላ ይባላሉ። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1870 ያወጣው እንግሊዛዊው ሰር ጆን ላቦክ ሲሆን፣ በ1873 ባሳተመው መጽሐፍም ስለ እነርሱ በሰፊው ጽፏል። ቃሉ ከግሪክ የተወሰደ ነው፤ ሙጫና ችካል የሚሉ ሁለት ቃላትን ያጣምራል፤ ምክንያቱም ከሆዳቸው ሥር የምትገኘውን አጭር ቧንቧ ላቦክ ከመሬት ጋር የምታጣብቃቸው አካል አድርጎ ተመልክቷት ነበር። ይህ ጸሐፊ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለጊዜው ባለመስፈንጠሪያ እያለ ይጠራቸዋል። ከማኅበራችን አባላት መካከል የተሻለ ስም የሚያውቅ፣ በተለይም ከገጠር አዛውንቶች የሰማ፣ ቢገኝ ስሙን በደስታ ይቀበላል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አብዛኞቹ ባለመስፈንጠሪያዎች ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊሜትር ቢረዝሙ ነው። ስድስት እግር ስላላቸው ለረጅም ዘመን ከነፍሳት ጋር ሲቆጠሩ ኖረዋል፤ ሆኖም የአፋቸው ክፍሎች ወደ ራሳቸው ውስጥ የገቡ በመሆናቸው፣ ሆዳቸውም ስድስት አንጓ ብቻ ስላለው፣ ዛሬ ብዙ ሊቃውንት ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥተዋቸዋል። በአራተኛው የሆድ አንጓ ሥር እንደ ሹካ ሁለት ጣት ያላት ጅራት አለች። ይህች ሹካ ወደ ፊት ታጥፋ በሦስተኛው አንጓ ላይ ባለ ጥቃቅን መንጠቆ ትያዛለች፤ እንስሳው ሲደነግጥ መንጠቆው ይለቃታል፤ ሹካዋ መሬቱን ትመታለች፤ እንስሳውም የቁመቱን ብዙ እጥፍ ርቆ ይወረወራል። ቆዳቸው በረቂቅ እብጠቶች የተሸፈነ ስለሆነ ውሃ አያርሰውም። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የአየር ቧንቧ ስለሌላቸው የሚተነፍሱት በዚያው በስሱ ቆዳቸው ነው፤ ከዚህም የተነሣ የደረቀ አየር ቶሎ ይገድላቸዋል። የፏፏቴን ርጭት የሚከተሉት ስለዚህ ነው።

ታላቅነታቸው በዕድሜያቸው ነው። በስኮትላንድ ራይኒ በሚባል መንደር አጠገብ ከሚገኝ ወደ 400 ሚሊዮን ዓመት ከሚጠጋው ድንጋይ ውስጥ የአንድ ባለመስፈንጠሪያ ቅሪት ተገኝቶ፣ ኸርስትና ማውሊክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1926 ራይኒኤላ ፕሪከርሰር ብለው ሰይመውታል። በዛሬው ቆጠራ ስም ያላቸው የዓለም ባለመስፈንጠሪያዎች ከ9,000 ዝርያ ይበልጣሉ።

አንድ ዝርያ ስም አለው የሚባለው መቼ ነው? ነገሩ በአገራችን ከሚታወቀው የርስት ሙግት ጋር ይመሳሰላል። ባለ ርስት ነኝ የሚል ሰው ድንበሩን ማሳየት፣ ምስክር ማቆምና በወግ የተጻፈ ነገር ማቅረብ ነበረበት። ዝርያም እንደዚሁ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ይኸውም የተገኘበት ቦታ፣ ምስክር ሆኖ የሚቀመጥ ናሙናና በሕጉ መሠረት የታተመ ገለጻ ነው። ሊኔየስ በ1758 ያሳተመው የመጽሐፉ አሥረኛ እትም ለእንስሳት ስም ሁሉ መነሻ ሆኖ ተወስኗል፤ ፖዱራ ብሎ ከመዘገባቸው መካከልም ባለመስፈንጠሪያዎች ይገኙበታል። በእርሱ ዘመን ሁለት መስመር ገለጻ ይበቃ ነበር። አሁን በሥራ ላይ ያለው በ1999 የወጣው የዓለም አቀፍ የእንስሳት አሰያየም ሕግ አራተኛ እትም ግን፣ አዲስ ዝርያ የሚሰይም ሰው ዋናውን ናሙና ለይቶ እንዲያመለክትና በየትኛው ስብስብ እንደሚቀመጥ እንዲገልጽ ያስገድዳል። ናሙናው በተገኘበት አገር ይቀመጥ የሚል ቃል ግን በሕጉ ውስጥ የለም።

የሥራው ሂደት ለማናችንም የሚከብድ አይደለም። ሳረንስቱ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ በሆነ የቆርቆሮ ማውረጃ ውስጥ በወንፊት ላይ ይቀመጣል፤ ከበላዩ አምፖል ይበራል። ሳረንስቱ ከላይ ወደ ታች እየደረቀ ሲሄድ እንስሳቱ ርጥበት ፍለጋ ወደ ታች ይሸሻሉ፤ በመጨረሻም ከሥር በተቀመጠው የአልኮል ብልቃጥ ውስጥ ይወድቃሉ። ይህን ዘዴ ጣሊያናዊው በርሌዜ በ1905 ፈጠረው፤ በ1918 ደግሞ ስዊድናዊው ቱልግሬን በአምፖል አሻሻለው። አስቸጋሪው ሥራ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እንስሳው በአሲድ ገላው ጠርቶ በመስተዋት ላይ ይለጠፋል፤ ለመለጠፊያ ከሚያገለግሉት ውህዶች አንዱ ከግራር ሙጫ የሚሠራ ነው። (ሙጫውን ለዓለም ከሚሸጡት አገሮች አንዷ የእኛ መሆኗን ሳስታውስ ፈገግ እላለሁ።) ከዚያም በማይክሮስኮፕ ሥር የዓይኖቹ ቁጥር ይቆጠራል፤ በእያንዳንዱ ጎን ከስምንት አይበልጡም፤ አንዳንዱም ፈጽሞ ዕውር ነው። የጥፍሩ ጥርስ፣ የሹካዋ ጫፍ ቅርጽ፣ በየአንጓው ላይ ያሉት ጠጉሮች ሥፍራና ብዛት አንድ በአንድ ይሣላሉ። ሁለት ዝርያዎችን የሚለየው አንዲት ጠጉር ልትሆን ትችላለች። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ተመራማሪው ቀድሞ የታተመውን ሁሉ አገላብጦ፣ ከሌሎች ናሙናዎች ጋር አስተያይቶ፣ ይህ እስከ ዛሬ ስም ያልወጣለት ነው ለማለት ይደፍራል።

እንግዲህ ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ። በኢትዮጵያ ምድር የተገኙ ፍጥረታት የሳይንስ ስም ማግኘት የጀመሩት በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። ዙካኒ የተባለው የፍሎሬንስ ሰው በ1775 ጤፍን ፖዋ ጤፍ ብሎ መዘገበ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ስለ ኮሶና ስለ እንሰት ጽፎ ሥዕላቸውን አሳተመ፤ እንሰት የሚለውም ቃል የዕፀዋት ወገን ስም ሆኖ ቀረ። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ሰሜንን ዞሮ በ1835 ዋልያንና ጭላዳን ሲሰይም፣ ሁለቱንም በአገሬው ስማቸው ላቲን አልብሶ አቆያቸው። ናሙናዎቹ ዛሬም በፍራንክፈርት ሴንከንበርግ ቤተ መዘክር ናቸው።

ለሳረንስት ነገር ቅርብ የሆነው ታሪክ ግን የሺምፐር ነው። ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ እዚሁ ኖሮ፣ በ1878 በዓድዋ ያረፈ ጀርመናዊ ዕፀዋት ሰብሳቢ ነበር። የአጎቱ ልጅ ቪልሄልም ፊሊፕ ሺምፐር ደግሞ በስትራስቡርግ ተቀምጦ በዘመኑ ከታወቁት የሳረንስት ሊቃውንት ዋነኛው ሆነ። ከሁለት ዘመዳማቾች አንዱ በትግራይ ተራሮች ላይ ሲሰበስብ፣ ሌላው በአውሮፓ ስለ ሳረንስት ታላቅ መጽሐፍ ሲያሳትም ኖሩ። የዓድዋው ሺምፐር ከአንዱ ዕፀዋት ብዙ ቅጂ እየወሰደ ያደርቅና ይልክ ስለ ነበር፣ ስብስቡ በአውሮፓ በብዙ ቤቶች ተከፋፈለ። ይህ ልማዱ በኋላ ምን ያህል እንደጠቀመ ቀጥሎ ይታያል።

በማርች 1943 የበርሊን የዕፀዋት ቤተ መዘክር በአውሮፕላን ድብደባ ተቃጠለ። ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ዋና ናሙናዎች አብረው ነደዱ፤ ከእነዚህም መካከል ከ1899 እስከ 1901 በኤርላንገርና በኖይማን ጉዞ ላይ በሐኪምነት የተከተለው ኤለንቤክ የሰበሰባቸው ይገኙበታል። ከሺምፐር ስብስብ የተቃጠለው ሲቃጠል ቅጂዎቹ በለንደን፣ በፓሪስና በሌሎች ቤቶች ተርፈው ነበር፤ አንድ ቅጂ ብቻ የነበረው ግን በስምና በገለጻ ብቻ ቀረ። ምስክሩ የሞተበት ርስት ማለት ይህ ነው።

ከጥቃቅን እንስሳት አኳያ ታላቁ ዓመት 1926 ነው። በዚያው ዓመት፣ የራይኒው ቅሪት ስም ባገኘ ጊዜ፣ ሁለት የሳይንስ ቡድኖች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከቺካጎ የመጣውን ቡድን የመራው ዊልፍረድ ኦስጉድ ነበር፤ አብሮት ሠዓሊው ሉዊስ አጋሲዝ ፉየርቴስ ነበረ። ከእንግሊዝ የመጡት ደግሞ የነፍሳት ሊቅ ሂዩ ስኮትና ጆሴፍ ኦመር ኩፐር ናቸው። ሂዩ ስኮት አስቀድሞ በሲሼልስ ደሴቶች ያጠና፣ ሌሎች ትተውት የሚያልፉትን ጥቃቅን ነገር የሚፈልግ ሰው ነበር። በአዲስ አበባ አካባቢ፣ በዝቋላ፣ በጀምጀም ጫካና በጭላሎ ተራራ ሰበሰቡ። በ1948 እና 1949 ወደ ጉጌ፣ በ1952 እና 1953 ወደ ስሜን ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ ጉዞ ስብስብ ተነሥተው የተጻፉት ገለጻዎች በለንደን በየመጽሔቱ ለዓመታት ሲወጡ ቆዩ፤ ከእነዚህ አንዱ ፓርከር በ1930 ለኦመር ኩፐር መታሰቢያ የሰየመው የደጋ እንቁራሪት ነው።

ስብስቡ በጥሩ ሁኔታ ተጠብቋል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል። ችግሩ ያለው በቦታው ስም ነው። በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ፊደል እየተጣመመ የተጻፈ የቀበሌ ስም ዛሬ በካርታ ላይ ፈልጎ ማግኘት የብዙ ቀን ሥራ ይጠይቃል፤ «አዲስ አበባ» ብቻ ተብሎ የተጻፈበት ናሙና ሲያጋጥም ደግሞ ነገሩ ተስፋ ያስቆርጣል። በዚያ ጊዜ ቦሌ የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር፤ የካም ከከተማው ውጭ ነበር። ሰብሳቢው የቆመው በየትኛው ወንዝ ዳር ነው? በየትኛው ከፍታ? ናሙናው ለዚህ መልስ አይሰጥም።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሁኔታው ቀስ በቀስ ተለወጠ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ተከፈተ፤ ብሔራዊው የዕፀዋት ቤተ መዘክርም በ1959 ተቋቋመ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ማልኮልም ላርጀን የአገራችንን እንቁራሪቶች እያጠና ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተራ በተራ ሰየማቸው። በ1974 ካወጣቸው አንዱ በእንሰት ቅጠል ብብት ውስጥ በሚቋጠር ውሃ የሚኖር በመሆኑ «እንሰት ነዋሪ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ተሰጥቶታል። ከ1980 ጀምሮም የኢትዮጵያ ዕፀዋት ጥናት ፕሮጀክት በተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ በኢንጋ ሄድበርግ፣ በሱ ኤድዋርድስ፣ በሰብስቤ ደምሰውና በባልደረቦቻቸው ድካም ስምንት ጥራዞቹን በ2009 አጠናቀቀ። በዚህ ሥራ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት የራሳቸውን ምድር ዕፀዋት በራሳቸው ቤተ መዘክር ናሙና መሠረት ገለጹ፤ ቅጂውም በኡፕሳላ ተቀመጠ። ይህ ጸሐፊ ለጥቃቅን እንስሳት ሊከተሉት የሚገባ ምሳሌ ካለ ይህ ነው ብሎ ያምናል።

እዚህ ላይ ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልናገር። በተማሪነቴ ዘመን ሁለት ክረምት ሙሉ ከየካ ግርጌ እርጥብ ሳረንስት እየሰበሰብኩ፣ በራሴ በሠራሁት የቆርቆሮ ማውረጃ እያወረድኩ፣ ብዙ ብልቃጥ ባለመስፈንጠሪያ አከማችቼ ነበር። ስሙን በማልጠቅሰው ቤት ውስጥ በአንድ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ስመለስ የግማሾቹ አልኮል ተንኖ እንስሳቱ እንደ ገለባ ደርቀው አገኘኋቸው። ያልደረቁት ደግሞ የባሰ ነበር፤ የቦታውንና የቀኑን ጽሑፍ በእስክርቢቶ ጽፌ ከውስጥ አስገብቼው ስለ ነበር፣ አልኮሉ ቀለሙን አጥቦ ሰማያዊ ውሃና ነጭ ወረቀት ብቻ ቀርቶኛል። እንስሳቱ አሉ፤ የት እንደተገኙ ግን ማንም አያውቅም፤ እኔም ጭምር። በእርሳስ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ዛሬም ይነበብ ነበር። ስለዚህ ናሙናችን በውጭ አገር ተቀመጠ የሚለውን ቅሬታ በሰማሁ ቁጥር ግማሹን እቀበላለሁ፤ ግማሹን ግን ያ መደርደሪያ ትዝ ስለሚለኝ ዝም እላለሁ።

ወደ ሥፍራው መሄድ ይቻል ይሆናል፤ ሥፍራው ካለ። ለዚህ ከታንዛኒያ የሚበልጥ ምሳሌ አይገኝም። በ1996 በኪሃንሲ ወንዝ ገደል፣ ከፏፏቴው በሚነሣው ርጭት በሚርስ፣ ሁለት ሄክታር በማይሞላ የሣርና የሳረንስት መሬት ላይ አንዲት ትንሽ ቢጫ ጓጉንቸር ተገኘች፤ እንቁላል ሳትጥል ልጆቿን በሕይወት የምትወልድ ናት። ገለጻዋ የታተመው በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ በ2000 የኃይል ማመንጫው ግድብ አብዛኛውን ውሃ ወደ ቧንቧ ወሰደው፤ ርጭቱም ቆመ። በዚያው ዓመት 499 እንስሳት ተይዘው ወደ አሜሪካ ተወሰዱ። በገደሉ ሰው ሠራሽ ርጭት ተዘረጋ፤ ነገር ግን የቆዳ በሽታም ተጨምሮ የቀሩት አለቁ፤ በ2009 በዱር ጠፍታለች ተብሎ ታወጀ። ከ2012 ጀምሮ ከአሜሪካ የተወለዱት ወደ ገደሉ እየተመለሱ ነው። ጓጉንቸር በዓይን የምትታይና የምትወደድ እንስሳ በመሆኗ ይህ ሁሉ ተደረገላት፤ ከእርሷ ጋር በዚያው ሳረንስት ውስጥ ለነበሩት ጥቃቅን ፍጥረታት የቆመላቸው ጠበቃ አልነበረም። በአገራችንም በጢስ ዓባይ በ1964 እና በ2001 የተሠሩት ሁለት የኃይል ማመንጫዎች፣ በተለይም ሁለተኛው፣ የፏፏቴውን ውሃ በበጋ እጅግ እንዲቀንስ አድርገውት ነበር። ብሩስ በ1770 ያየው ጢስ ባነሰ ቁጥር፣ ያ ጢስ ያረሰው የነበረው ድንጋይም ይደርቃል።

የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ነገር ከዚህ የተለየ ቢሆንም ከዚህ አይሻልም። እዚህ ወንዙን ግድብ አልወሰደውም፤ ቆሻሻ ገባበት፤ ዳርቻውም በቤትና በመንገድ ተያዘ። የቦሌ አየር ማረፊያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከተማው ወደዚያ አቅጣጫ ሳያቋርጥ ሄዷል፤ ገርጂ፣ ሰሚት፣ አያት፣ ቦሌ ቡልቡላ፣ ቦሌ አራብሳ እያለ ሜዳውን ሸፍኖታል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የወንዝ ዳርቻ ልማት ወንዞቹን ለማጽዳት ያለመ ስለሆነ የሚደገፍ ነው። ነገር ግን ድንጋይ በሲሚንቶ ሲለበጥና ዳርቻው በአበባና በተላጨ ሣር ሲተካ፣ ሳረንስቱ እንደ ቆሻሻ ተፍቆ እንደሚጣል ሥራውን የሚመሩት ባለሙያዎች ቢያስቡበት መልካም ነበር። አንድ ሁለት ፏፏቴ ከነድንጋዩ ሳይነካ ቢተው ወጪ የለውም።

የማኅበራችን አባላት ብዙዎቻችሁ በትምህርት ቤት፣ በቤተ ሙከራና በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ናችሁ። ሕጉም ግልጽ ነው፤ የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምን የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ናሙና ወደ ውጭ የሚወጣበትን ፈቃድ ይደነግጋል። ፈቃዱን የሚመለከተው የብዝኃ ሕይወት ተቋም መነሻ የሆነው ማዕከል የተቋቋመው በ1976 ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቱም እዚሁ በየካ ክፍለ ከተማ ነው። ከአዲስ ዝርያ ዋናው ናሙና በአገር ውስጥ፣ ቀጣዮቹ በውጭ ቤተ መዘክር ይቀመጡ የሚል ስምምነት ከባልደረቦች ጋር አስቀድሞ መጻፍ ይቻላል። በርሊን የተቃጠለውንና በእኔ መደርደሪያ የደረቀውን በአንድነት ያሰበ ሰው ሁለት ቤት ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠይቅም።

የሚመቸው ወቅት ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ ነው። በማለዳ፣ ፀሐይ ድንጋዩን ሳትመታ፣ ከፏፏቴው ከንፈር አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ካለው ሳረንስት እፍኝ ያህል ብቻ ይነሣል፤ ቀሪው እንዲያገግም ይተዋል። ሳረንስቱ ራሱም ስም ስላለው ከእርሱ ቁንጥር ተወስዶ በወረቀት ይደርቃል። በብልቃጡ ውስጥ የሚገባው ወረቀት ወፍራም ይሁን፤ በእርሳስ፣ በአማርኛና በላቲን ፊደል ጎን ለጎን፣ እንዲህ ተብሎ ይጻፍበት፦ ኢትዮጵያ፣ አዲስ አበባ፣ የካ፣ ቀበና ወንዝ፤ ከቅርቡ ድልድይ ወደ ላይ ስንት ሜትር እንደሆነ፤ ከፍታው፤ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፤ ከፏፏቴ ርጭት ሥር ካለ እርጥብ ሳረንስት፤ የሰብሳቢው ስም።